ብስክሌትና የደጋው ሜዳ

«አገራችን ተራራማ ስለሆነች ለብስክሌት አትመችም» የሚለው አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁት ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች አገራቸውን የማያውቁ አይደሉም፤ አብዛኞቹ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ደሴ የተጓዙ፣ የዓባይን በረሃና የጣርማ በርን ጠመዝማዛ መንገድ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ሆኖም መንገደኛ የሚያስታውሰው ያስፈራውን ነው። አውቶቡሱ በገደል አፋፍ ሲታጠፍ ልቡ የተሰቀለችበትን አንድ ሰዓት ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራት፣ ከዚያ በፊት በሜዳ ላይ እያንቀላፋ ያለፈውን ሦስት ሰዓት ግን ፈጽሞ ይረሳዋል። እኔ ልከራከርለት የምፈልገው በእንቅልፍ ለታለፈው ለዚያ ሜዳ ነው። እምነቴም ይህ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም እኔ የማውቀው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ለብስክሌት ከሚመቹት የገጠር አገሮች መካከል የሚቈጠር ነው። የጎደለው የመሬቱ አቀማመጥ ሳይሆን የመንገዱ ዳርቻ ነው።

በመጀመሪያ አቀማመጡን እንመልከት። ተራራ ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የምንስለው ከሜዳ ተነሥቶ ወደ ላይ የሾለ ነገር ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ግን በአመዛኙ እንዲህ አይደለም። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቆች እየፈለቀ የወጣው ቅልጥ ድንጋይ አገሩን ደጋግሞ አጥለቀለቀውና፣ እየተደራረበ ረግቶ ሰፊ ጠፍጣፋ መሬት ሠራ። በኋላም ምድሪቱ ከፍ እያለች ስትሄድ ወንዞች እንደ መጋዝ ወደ ታች ቈረጧት። ስለዚህ እኛ ተራራ የምንለው ብዙው ነገር በእውነቱ ጠረጴዛ ነው፤ ሸለቆው ደግሞ የጠረጴዛው ስንጥቅ ነው። በአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ማዶ የሚመለከት ሰው፣ የወዲያኛው አፋፍ እርሱ ከቆመበት ጋር በቁመት የተስተካከለ ሊሆን ጥቂት የቀረው መሆኑን ልብ ይላል። በመካከል ያለውን ገደል ባያይ ኖሮ አገሩ ሁሉ አንድ ወጥ ሜዳ በመሰለው ነበር።

ለክርክሬ ምስክር የማደርገው ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ በእንጦጦ በኩል ወጥቶ ሱሉልታንና ጫንጮን ያለፈ ሰው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ሙከጡሪ ይደርሳል። አውራ ጎዳናው ወደ ፍቼና ወደ ጎሐ ጽዮን ሲቀጥል፣ በቀኝ በኩል የሚገነጠለው መንገድ ወደ ለሚ ያመራል። እኔ በዚህ መንገድ በብስክሌት በተጓዝሁበት ዘመን፣ ከአውራ ጎዳናው ከተለየሁባት ደቂቃ ጀምሮ የጭነት መኪናው ጩኸት ከኋላዬ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የካቴናው ድምፅ፣ የእረኞች ፉጨትና ከሩቅ የሚመጣ የውሻ ጩኸት ብቻ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነበረና በድንበሩ ሁሉ ላይ አደይ አበባ ገና አልረገፈም፤ ስንዴው ማሸት ጀምሯል፤ ጤፉ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ፔዳሉን ያለ ጭንቀት እየረገጥሁ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል እጓዝ ነበር። አልፎ አልፎ መንገዱ ወደ አንዲት ትንሽ ወንዝ ዝቅ ይልና መልሶ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የቁልቁለቱ ግፊት ሳያልቅ ዳገቱ ያልቃል።

ስለ ውሻ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የገጠር ውሻ ብስክሌት ይጠላል። የሚሮጥ ነገር ሁሉ የሚሸሽ ሌባ ስለሚመስለው ያሳድዳል። ይህን ያላወቀ ሰው ፍጥነቱን ይጨምርና ተረከዙን ያስነክሳል። መፍትሔው ወርዶ ብስክሌቱን በራስና በውሻው መካከል አድርጎ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ውሻው የሰውን መልክ ባየ ጊዜ ያፍራል፤ ባለቤቱም «አይዞህ፣ አይነክስም» እያለ ይወጣል። ውሻው ግን ይነክሳል።

ለሚ የምትገኘው በአፋፉ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሜዳ ሲሰግር የመጣ ብስክሌተኛ በድንገት ከፊቱ መሬት ታጣበታለች። ከታች የዓባይ ገባር የሆነው የጀማ ወንዝ በቀጭን ክር መስሎ ይታያል። መንገዱ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ቁልቁል ይወርዳል፤ በድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያም ወደ ዓለም ከተማ መልሶ ይወጣል። በአፋፉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ሲበሉ ይታያሉ። ትንሽ ወረድ ሲሉ ጥቁሩ ድንጋይ ያበቃና ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይጀምራል፤ ይህም አገሩ በሩቅ ዘመን በባሕር ተሸፍኖ እንደ ነበር ይመሰክራል። አየሩ በየ1000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል እየሞቀ ስለሚሄድ፣ በለሚ ካቦርቱን የቆለፈ ሰው በወንዙ ዳር ሸሚዙን ይፈታል። የስንዴው ማሳ በማሽላ፣ ባሕር ዛፉም በግራር ይተካል።

ይህን ሁሉ ሳደንቅ ፍሬኔን ረስቼዋለሁ። እዚህ ላይ ፊዚክስ የተማረ ሰው ከእኔ የተሻለ ብልህ መሆን አለበት። ሰውየውና ብስክሌቱ በአንድነት 75 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 1000 ሜትር ቁልቁል ቢወርዱ፣ የሚለቀቀው ጉልበት ከሁለት ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ፍጥነቱን ሁሉ በፍሬን እይዛለሁ ያለ ሰው ያን ሙቀት በአራት ቁራጭ ላስቲክና በቸርኬው ላይ ያሳርፈዋል። የእኔም እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ የኋላው ጎማ እንደ ጥይት ጮኸ። ማስቲሽና መጠገኛ ይዤ ነበር፤ ግን ቸርኬው እጅ የሚያስነካ አልነበረምና እስኪቀዘቅዝ ድረስ በመንገዱ ዳር ተቀምጬ ዝንጀሮዎቹን ስመለከት ቆየሁ፤ ዝንጀሮዎቹም እኔን።

ዳገቱ የባሰ ነበር። በየ100 ሜትሩ ስድስት ሜትር የሚነሣ መንገድ 1000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጃል፤ በመጠነኛ ጉልበት ለሚነዳ ሰውም ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት መርገጥ ማለት ነው። የእኔ ብስክሌት ማርሽ መቀየሪያ ያልነበራት ከባድ ጥቁር ብስክሌት ስለነበረች ብዙውን መንገድ በእግሬ እየገፋኋት ወጣሁ። እረኞቹ በአቋራጭ እየወጡ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቀድመው ተቀምጠው ይጠብቁኝና ይስቁብኝ ነበር። በአምስተኛው መታጠፊያ ላይ አንደኛው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከኋላ ይገፋልኝ ጀመር። አህያቸውን ጭነው የሚወጡ አንድ አዛውንት ደረሱብንና ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ፈረስህ ታመመብህ እንዴ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ዳገቱን አልችል ብሎኝ ነው» አልኋቸው።

«ታዲያ ሜዳ ሞልቶልህ ገደል ምን አስወረደህ?» ብለው አህያቸውን ነዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ደጋው የብስክሌት መንገድ በመጻሕፍት ካነበብሁት ሁሉ የእኚያ አዛውንት ጥያቄ ይበልጥብኛል። ገደሉ አለ ብሎ ሜዳውን መተው አንድ ስሕተት ነው፤ ሜዳው አለ ብሎ ገደሉን እንደ ሜዳ መቍጠር ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። በዚህ አገር መንገድ የሚመርጥ ብስክሌተኛ በካርታ ላይ ያለውን ርቀት ማመን የለበትም። ማዶ ያለች ደብር ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስባት ትመስላለች፤ ደርሶ ለመመለስ ግን ሙሉ ቀን ላይበቃ ይችላል። በአንጻሩ በዚሁ አፋፍ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ከተማ በሁለት ሰዓት ትደረሳለች። ስለዚህ ገደሉን የሚፈልገው በዓመት አንድ ጊዜ ይውረደው፤ የዘወትር መንገዱ ግን በጠረጴዛው ላይ ይሁን። ወደ ለሚ የሚወስደው ሜዳ፣ የጅሩ ጥቁር አፈር አገር፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጎዳና ሁሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። በዚህ በመጨረሻው መንገድ ሙሉውን ጊዜ በብርዳሙ ደጋ ላይ የተጓዘ ሰው፣ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ወደ ነበረችው አንኮበር ሲደርስ የአፋር ቆላ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያየዋል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር የሚወስደው የደሴ መንገድም በሜዳ ላይ ይጀምራል። እርሱን ግን ለማንም አልመክርም። ምክንያቱ ዳገቱ አይደለም። የጭነት መኪና የሚበዛበት መንገድ ከመሆኑም በላይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውና ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ ብስክሌተኛ ከከባድ መኪና ጋር በጨለማ የሚጋፋበት ስፍራ ነው። እንዲሁም ጸጥታ በታወከበት ጊዜ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ከተነሣው ግጭት ወዲህ ብዙ ጊዜ እንደታየው፣ ከነዚህ መንገዶች አንዱም ቢሆን የአገሬውን ሰው ሳይጠይቁ የሚገባበት አይደለም።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሌላም የሚሉት አላቸው። አየሩ ስስ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም። ከቆላ ለመጣ እንግዳ ይህ ትንፋሽ ያሳጥራል። ነገር ግን አንደኛ፣ በዚያ ተወልዶ ያደገው ልጅ ሌላ አየር አያውቅም፤ ሁለተኛ፣ ያው ስስ አየር ብስክሌተኛውን ከፊት ሲገፋውም ስስ ነውና የወሰደውን በከፊል ይመልሳል። ብስክሌት የባሕር ዳር ነው የሚሉም አሉ። ባሕር ዳር በብስክሌቷ የታወቀችው ሜዳ ላይ በመቀመጧ ከሆነ፣ የጅሩ ሜዳ ለብስክሌተኛ እግር ከዚያ የሚለየው እምብዛም አይደለም። የሚለየው አፈሩ ነው። መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ጎማውን ከሹካው ጋር እስኪያጣብቀው ድረስ ይለጠፋል። ሐምሌ ውስጥ ከአስፋልት ወጥቶ በዚያ ጭቃ የገባ ሰው ብስክሌቱ እርሱን መሸከሟ ቀርቶ እርሱ ይሸከማታል። ይህን ተቃውሞ እቀበላለሁ፤ የምናገረውም ጥርጊያ መንገድ ወይም አስፋልት ስለ ደረሰበት አገር ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ብስክሌት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው የሚለው ነው። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። ገረመው ደንቦባ ከእነዚያ አንዱ ነበር። አበበ ቢቂላ በሮማ ገና በባዶ እግሩ ሳያሸንፍ የኢትዮጵያን መለያ ለብሶ በዓለም አደባባይ ፔዳል የረገጠ ሰው ነበረን ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙር ውድድር ላይ የተካፈለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም ያደገው በመቀሌ፣ በደጋ ላይ ነው። ሩጫን የደጋ ልጅ ይችለዋል ስንል እንኮራለን፤ ያው ሳንባና ያው እግር በኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ግን እንጠራጠራለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። መሬቱ ይመቻል ካልሁ፣ ያልተመቸው ምንድን ነው? በገጠር የምንሠራው አስፋልት በአብዛኛው ሁለት መኪና ለመተላለፍ ብቻ የሚበቃ ነው። ከጥቁሩ ጠርዝ ቀጥሎ ያለው የመንገድ ትከሻ ጠባብ ነው፤ ያውም ጠጠሩ ተበትኖ፣ በጎርፍ ተሸርሽሮ፣ በብዙ ስፍራ ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። በመንገዱ የሚገለገለውን ሕዝብ ግን ልብ ብሎ ያየ ሰው አለን? በገበያ ቀን በአፋፉ መንገድ ላይ ቆማችሁ ቍጠሩ። አንድ መኪና እስኪያልፍ ድረስ ሰው፣ አህያ፣ በግ ነጂ፣ እንጨት ተሸካሚ፣ ደብተር የያዘ ተማሪ በብዛት ያልፋል። መንገዱ የተሠራው ለብዙኃኑ ከሆነ ብዙኃኑ የሚሄደው በእግሩ ነው፤ የተሰጠው ግን ቦዩ ነው።

ወደ ለሚ የሚወስደው ጸጥተኛ መንገድም እኔ እንዳየሁት አልቀረም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በለሚ አካባቢ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆ ሥራ ጀምሯል። ፋብሪካ መቋቋሙን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ሲሚንቶ ቤት ነው፣ ድልድይ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው። ሆኖም ሲሚንቶ በአየር አይሄድም፤ በከባድ መኪና ነው የሚሄደው። ጸጥታ ብቻውን ብስክሌተኛውን ይጠብቀው የነበረበት ዘመን በዚያ በኩል አልፏል፤ ከእንግዲህ የሚጠብቀው የተሠራ ትከሻ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት በደጋው ሜዳ ላይ የሚሠራ ወይም የሚታደስ መንገድ ሁሉ በግራና በቀኝ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ ከአስፋልቱ ጋር እኩል የሆነና የተጠቀጠቀ ዳርቻ ሊኖረው ይገባል። ወጪ ይጨምራል፤ አልክድም። በገደሉ ጠመዝማዛ ላይ ዓለት ፈልጦ ያን ያህል ማስፋት እጅግ ከባድ እንደሚሆንም አውቃለሁ፤ እዚያ ባይሆን አልከራከርም። በሜዳው ላይ ግን የሚፈለጠው አፈር ነው።

ይህን የምጽፈው ለሽርሽር ለሚወጡ ሰዎች ብቻ አይደለም። በደጋው ላይ ካሉት የወረዳ ከተሞች በአንዷ አስተምር በነበረበት ጊዜ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ቤታቸው ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ርቆ በመንገዱ ዳር ነበር። በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ትጓዛለች፤ ሲመሽም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ብዙውን ቀን አታገኘውም ነበር፤ ስትመጣም በሦስተኛው ላይ ታንቀላፋ ነበር። እኔም ጥቁሯን ብስክሌቴን አዋስኋት። አባቷ ከሁሉ በፊት «ሴት ልጅ በብረት ላይ?» ብለው ተቃወሙ፤ ቀጥለው ግን ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ቤቷ መግባቷን ባዩ ጊዜ ዝም አሉ። በአንድ ሳምንት ነዳጇን ቻለችው፤ 12ቱን ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትመጣ ነበር። እስከ ጥር ድረስ አንድም ቀን አልዘገየችም። ለፈተና ቀድመው ከሚገቡት ተማሪዎች አንዷ ሆነች።

በየካቲት አንድ ጠዋት ሁለት የጭነት መኪናዎች በትይዩ መጥተው በአጠገቧ ሲተላለፉ፣ የምትሸሽበት ዳርቻ አጣች። ፊተኛው ጎማ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወርዶ ወደ ቦዩ ጣላት። የቀኝ ክንዷ ተሰበረ። መኪናዎቹ አልቆሙም፤ ምናልባትም አላዩዋትም። ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ አባቷ እንግዳ ተቀባይ ሰው ስለሆኑ ጠላ ቀዱልኝ፣ ስለ ብስክሌቱ ግን አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም ያዋስሁ እኔ ስለነበርሁ የምናገረው አልነበረኝም። ብስክሌቱን ከቤቱ ጀርባ ከጎተራው አጠገብ በግድግዳው ላይ ሰቅለውት አየሁ። ልመልሰው ብል ልጅቱ ፊቷን አዞረች፤ ስለዚህ ተውሁት።

ክንዷ ከዳነ በኋላ በእግሯ መምጣት ጀመረች። ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አንድ ዳገት እንኳ አልነበረም።